ከየኔታ ጋር በጣት ላይ መቆም

እግሬን ያመመኝ ሊማሊሞን በእግሬ በወረድኩ ማግስት ነው። የባለቤቴ የእህት ልጅ ዛሪማ ከተማ ላይ ስታገባ፣ የተሳፈርንበት መኪና ከጠመዝማዛው መሀል ተበላሸ። እኛ ሴቶቹ «ቁጭ ብለን ከምንጠብቅ» ብለን እየዘፈንን ቁልቁለቱን ተያያዝነው። ያጠለቅሁት ለሰርጉ የተገዛ፣ ሶሉ የሳሳ ጫማ ነበር። ያን ቀን ምንም አልተሰማኝም፤ እንዲያውም ሰርጉ ላይ ከሁሉም በላይ የጨፈርኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ከመኝታዬ ስነሣ ግን የግራ እግሬ ከውስጥ በኩል፣ ከቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሥር፣ በመርፌ እንደ ተወጋ ሆነ።

ወደ ቤቴ ደባርቅ ስመለስ ሰዉ ሁሉ ሐኪም ሆነ። ጎረቤቴ «ወለምታ ነው» አለች። ወጌሻው በቅቤ አሸኝ፤ እጁ ለስላሳ ነበር፣ በማግስቱ ግን እብጠቱ ጨመረ። ባለቤቴ «ተኚ፣ አትንቀሳቀሺ» አለኝና ተኛሁ። ስተኛ ይሻለኛል፤ ተነሥቼ ወደ ትምህርት ቤት ቁልቁል ስወርድ ያው ነው። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ሰሌዳ ፊት መቆም እንጀራዬ ነው። በመጨረሻ አንድ እግሬን ብድግ አድርጌ፣ በአንዱ ቆሜ ማስተማር ጀመርኩ። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ሽመላዋ» ይሉኝ እንደ ነበር የሰማሁት ቆይቼ ነው።

ጎንደር ሄጄ ያየችኝ ፊዚዮቴራፒስት የአዲ አርቃይ ልጅ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ንግግሯ ፈጠን የሚል። ገና ሳትነካኝ «ዞረሽ ቁሚ» አለችኝና ከኋላዬ ቁጢጥ ብላ እግሮቼን አስተዋለች።

«በቀኝ በኩል የምትታየኝ ትንሿ ጣትሽ ብቻ ናት። በግራ በኩል ግን ሌሎቹም ወደ ውጭ ወጥተው ይታዩኛል። በይ አሁን በግራ እግርሽ ብቻ ቆመሽ ተረከዝሽን አንሺ።»

ሞከርኩ። ተረከዜ ከመሬት ንቅንቅ አልል አለ። እንደ ገና ታገልኩ፤ እምቢ። የገዛ እግሬ ሲያምፅብኝ ሳቄ መጣ፤ እሷም አብራኝ ሳቀች።

«አልተበጠሰም፣ አትፍሪ» አለች። «ከባትሽ ተነሥቶ በዚህ አጥንት ጀርባ ዞሮ የሚወርድ ጅማት አለ። የውስጥ እግርሽን ጉድጓድ መሬት እንዳይነካ ወደ ላይ ጎትቶ የሚይዘው እሱ ነው። ቁልቁለቱም፣ ስስ ጫማውም፣ ቀኑን ሙሉ መቆሙም ተደራርቦበት ደከመ። የደከመ ጅማት በኃይል ሲታሽ ይቆጣል፤ ዝም ብሎ ሲተኛ ደግሞ ይሰንፋል።»

«ታዲያ ምን ይሻለዋል?»

«ሥራ ነዋ፤ ግን በልኩ።»

የውስጥ እግርን ከሥር ደገፍ የሚያደርግ ጫማ እንድገዛ ነገረችኝ። ቁልቁለት ለጊዜው እንድቀንስ፣ ግድግዳ ይዤ በሁለቱም እግሬ ተረከዜን እያነሣሁ በጣም በዝግታ እንዳወርድ፣ ሲጠነክርልኝ በአንዱ ብቻ እንድሞክር አሳየችኝ። «ስትሠሪ ትንሽ ቢያምሽ ግድ የለም። በማግስቱ ጠዋት ከወትሮው ከባሰብሽ ግን አብዝተሻልና ቀንሺ። ወራት ይፈጃል፤ በሳምንት ዳንኩ ብለሽ እንዳትተዪው።»

አማቴ ከእኛው ጋር ነው የሚኖሩት። ዳባት አካባቢ ዕድሜያቸውን ሙሉ የማኅሌት አቋቋም ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ናቸው፤ ተማሪውም፣ ልጃቸውም፣ እኔም የምንጠራቸው «የኔታ» ብለን ነው። ሳሎን ውስጥ ግድግዳውን ይዤ ከፍ ዝቅ ስል አዩኝ።

«ልጄ፣ ግድግዳው ማዶ ምን አለ?»

«ምንም የለም የኔታ፤ ለእግሬ ነው። ሐኪሟ አዝዛኝ ነው።»

ጥቂት ተመለከቱኝ። «እንዲህ ተጣደፊ ብላ ነው ያዘዘችሽ?»

«ኧረ በዝግታ ነው ያለችኝ።»

«እንግዲያማ ይህ ዝግታ አይደለም። በማኅሌት ዝማሜ ነው የሚቀድም፤ መቋሚያው ወዲህና ወዲያ ቀስ እያለ የሚዘምበት። ጽፋት፣ ጭብጨባው፣ ኋላ ነው የሚመጣ። አንቺ ከጽፋት ጀመርሽ።»

መቋሚያቸውን አንሥተው ወለሉን መታ አደረጉ። በአንዱ ምት ወጣሁ። ሁለተኛው እስኪሰማ መውረድ ነበረብኝ፤ እሱ ደግሞ አልመጣ አለ። ባቴ ነደደ።

«የኔታ፣ ኧረ ይምቱልኝ!»

«ይመጣል ልጄ። ዜማ አይቸኩልም።»

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስመለስ መቋሚያቸውን ይዘው ይጠብቁኝ ጀመር። ባለቤቴ ከበር ሲገባ «ማኅሌቱ አለቀ?» እያለ ያሾፋል። የተገላገልኩ መስሎኝ ልተወው ባልኩበት ቀን እንኳ የኔታ አልለቀቁኝም፤ «ተማሪ ሲለግም አውቃለሁ» ይላሉ።

አንድ ምሽት እግራቸውን ላስታጥብ ውኃ ይዤ ስቀርብ ግን የራሳቸውን እግር አየሁ። ሁለቱም ከውስጥ በኩል መሬት ላይ ተነጥፈዋል፤ ቁርጭምጭሚታቸው ወደ ውስጥ ዘሟል።

«የኔታ፣ ያምዎታል እንዴ?»

«እርጅና ነው። መቋሚያ የተሰጠን ለምን ይመስልሻል?» ብለው ወሬ አስለወጡኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከገበያ ተመልሼ በሩን ስከፍት፣ የኔታ ጥምጥማቸውን እንደ ጠመጠሙ፣ የመስኮቱን ደፍ በሁለት እጃቸው ይዘው በጣታቸው ለመቆም ሲታገሉ አገኘኋቸው። ዘንቢሌን አስቀመጥኩ።

«የኔታ፣ መስኮቱ ማዶ ምን አለ?»

ዞር ብለው አዩኝ። መጀመሪያ ሊቆጡ ነበር፤ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔም ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ።

ጎንደር ይዣቸው ሄድኩ። ፊዚዮቴራፒስቷ አልሸነገለቻቸውም። «አባ፣ የተነጠፈው እግርዎ እንደ ድሮው አይነሣም። ሕመሙ ግን ይቀንሳል» አለቻቸው። ጫማ ስታዝዝላቸው አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ እኔ ብዙ የምቆመው ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ ደግሞ በጫማ አይገባም።»

አሰብ አደረገችና ከካልሲ ሥር የሚጠለቅ የቁርጭምጭሚት መያዣ አመጣች። ለመንገዱ ደግሞ ከውስጥ ደገፍ ያለው ሸራ ጫማ ገዛን። ከነጩ ጋቢ ሥር ጎኑ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለበት ጫማ ብቅ ሲል የሰፈሩ ሰው እየቆመ ያይ ነበር። የኔታ ግድም አልነበራቸው፤ «ምን ታያላችሁ? እግር ነው» ብለው ያልፋሉ።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ትምህርት ተከፍቶ አንድ ቀን ሰሌዳው ጫፍ ላይ እኩልታ ስጽፍ፣ ጠመኔው አልደርስ ቢለኝ ተንጠራራሁ። ጽፌ ስጨርስ ነው በግራ እግሬ ጣቶች ብቻ መቆሜን ያወቅሁት። ወደ ክፍሉ ዞሬ ማስተማሬን ቀጠልኩ። አሁንም ብዙ ቀን ከዘለልኩ እግሬ ያጉረመርማል፤ ስሠራለት ዝም ይላል።

የኔታም ለጥቅምት ጽጌ ማኅሌቱን ከወጣቶቹ እኩል ቆሙ። ያን ሰሞን ለክትትል ጎንደር ደርሰን ስንመለስ ሹፌሩ ጎማ ሊያይ ኮሶዬ ላይ አቆመ። ወርደን የባቄላ እሸት ገዛንና ገደሉ አፋፍ ላይ ሆነን እየፈለፈልን በላን። የኔታ በልጅነታቸው በዚህ መንገድ ቅኔ ፍለጋ ሲሄዱ ውሻ ያባረራቸውን ሲነግሩኝ የመኪናው ጥሩምባ ጮኸ። እኔ የወደቀ ነጠላዬን ሳነሣ እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ፈጠን ፈጠን እያሉ ዳገቱን ወጡ። ቀና ስል የመኪናውን በር በአንድ እጃቸው ይዘዋል።

«ሹፌር፣ ጠብቃት!» ይላሉ። «ልጄ ናት፤ ቀስ ብላ ትመጣለች።»