ባዶ የምትቀረው የዓርብ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ

የላፕቶፔ ማራገቢያ ዛሬ ሬዲዮ አላሰማ አለኝ።

የሚጮኸው ላፕቶፑ ርዕሰ መምህርት ለሆነችው ለእህቴ ልጅ የክፍለ ጊዜ ድልድል ሲያወጣ ነው። ሰኞ ትምህርት ይጀመራል። እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ግን ያልተሳካለትን ሙከራ ሁሉ ስለሚያስቀምጥ ሚሞሪው ይሞላና ይቆማል።

የከሸፈውን ሁሉ እንዲረሳ አደረግኩት። አምና ወርቅ ሊቆፍር ወደ ዲማ ሄዶ የጠፋውን የታሪክ መምህር ስምም ሰረዝኩ።

አሁን ቶሎ ይጨርሳል። ነገር ግን ባስጀመርኩት ቁጥር የሰውዬውን የዓርብ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ባዶ ይተዋል፤ በእሱ ቦታ የተቀጠረችውን አዲስ መምህርት አያስገባባትም።

«ጋሼ፣ ስሙን በደንብ ሰርዘውታል?» አለች የእህቴ ልጅ አጠገቤ ቆማ።

«ሰርዣለሁ። ማሽኑ ከአንቺ ይልቅ ሰው ይናፍቃል።»

አልሳቀችም።

እናንተስ፣ የሰረዛችሁት ነገር አልሰረዝ ብሏችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ።

በር ተንኳኳ፤ እሷ ከፈተች። አቧራ የለበሰ ሰው ቆሟል።

«ዓርብ ሦስተኛዋን ለሰው አልሰጣችሁብኝም አይደል?» አለ።