በእንቁላል የተጨቃጨቅንበት ሃምሳ ቀን

በ2015 ዓ.ም. ስልሳ አንድ ዓመቴ ነበር። በኛ አቆጣጠር ነው የምለው፤ የፈረንጁን ፓስፖርቴ ያውቀዋል። ዱባይ፣ ዴራ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የካርጎ ሱቅ እሠራ ነበር፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ነጋዴዎች የገዙትን ጨርቅና ጫማ ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቄ፣ በገመድ ጠፍሬ፣ የባለ ዕቃውን ስም በቀለም እጽፍበታለሁ። የእኔ ጽሕፈት ይኼው ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከሰው ስምና ከስልክ ቁጥር ሌላ ጽፌ አላውቅም። እዚህ የተሳሳትኩት ካለ ከዚያ ቁጠሩልኝ።

የማድረው ከዱባይ ወጣ ብሎ አጅማን ነው፤ ቤድ ስፔስ በሚሉት የአልጋ ኪራይ፣ አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ወንዶች። ባለቤቴ ደግሞ ዱባይ፣ አል ዋርቃ፣ ሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ አዳሯም እዚያው። ባልና ሚስት በአንድ አገር እየኖርን የምንገናኘው በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ፣ ሻርጃ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ጥላ ሥር ካርቶን አንጥፈን እንቀመጣለን፣ ያመጣነውን እንበላለን፣ ሳይመሽ አሳፍሬያት እመለሳለሁ። እንዲህ አሥራ አራት ዓመት ኖርን።

በዚያ ዓመት ግን ማለቂያው ታውቆ ነበር። ሐምሌ ላይ የሷ ኮንትራት ያልቃል፤ እኔም ሥራዬን አስረክቤ አብረን ልንገባ ነው። ደብረ ብርሃን ሁለት ክፍል ቤት ሠርተናል። ልጃችን እየደወለች መስኮቱን ምን ቀለም ላስቀባው ትላለች። ባለቤቴ የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ በእግሯ ሄዳ የራሷን በር በራሷ ቁልፍ መክፈት።

ገብታለች። በተሽከርካሪ ወንበር ነው የገባችው፤ በሩንም የከፈተችው ልጃችን ናት። ጥቅምት ላይ ቀበርናት። እኔም ተመልሼ መጣሁ፤ እዚያ ቤት ብቻዬን ቁጭ ብዬ ምን ላደርግ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ ትድናለች ብሎ ሲጠብቅ ቆይቶ በኋላ እንዳያዝንብኝ ነው። ሞትስ ያለ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በፊት የነበረው ነው፤ የእንቁላሉ ነገር።

ነገሩ የጀመረው በዐቢይ ጾም ነው። ባለቤቴ ድሮም ጾመኛ ናት። በዚያ ዓመት ግን ባሰባት። መጀመሪያ ዳቦ ተወች። ቀጥሎ እንጀራ ተወች። ሻርጃ ስንገናኝ በፔርሙስ አጥሚት ይዛ ትመጣለች፤ አንዳንዴም የተልባ ጭማቂ፤ እሱኑ ፉት እያለች ትውላለች። ሰውነቷ አለቀ። ቀሚሷን በመርፌ ቁልፍ ከጎኗ ሰብስባ ነበር የምትይዘው።

አብረዋት የሚያስቀድሱት ሴቶች፣ "እትዬ፣ ዘንድሮስ መነኮሱ" ይሏታል።

"ቆቡን አዝዣለሁ፣ በካርጎ ይመጣል" ትላቸዋለች፣ ወደ እኔ እያየች።

እኔ ኮራሁ። እውነቱን ለመናገር ኮራሁባት። እኛ ሰው ሲከሳ ሐኪም ቤት ሂድ እንለዋለን፤ በጾም ከከሳ ግን እግዜር ይቀበልልህ ነው የምንለው። አጠገቧ ተቀምጬ ሽሮ በእንጀራ ስጎርስ ትንሽ አፍር ነበር እንጂ ሌላ ነገር በልቤ አልመጣም።

ፋሲካ ሆነ። ሴቶቹ ዶሮ ወጥ ይዘው መጡ፣ ለሁሉም እንቁላል እንቁላሉ ደረሰው። ባለቤቴ የሷን በማንኪያ አንስታ እኔ እንጀራ ላይ አስቀመጠችው።

"አንቺስ?"

"ሆዴ ጾሙን ገና አልፈታም። ቀስ ልበል።"

ሁለቱንም በላሁ። ወጡም ይጣፍጥ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። እንግዲህ አሁን ትወፍራለች አልኩ። በቀጣዩ የተራችን እሑድ አራት እንቁላል ቀቅዬ ይዤላት ሄድኩ። እንቁላል የምቀቅለው ክፍላችን ባለው የሻይ ኬትል ነው፤ ኩሽናው ወረፋ ነዋ። ከእኛ ጋር የሚያድር አንድ የኬረላ ሰው አለ፣ ሕንዳዊ ነው፣ ጁስ ቤት ይሠራል። ሻዬ እንቁላል እንቁላል ይላል ብሎ ሁልጊዜ ይነጫነጭብኛል። "ባባ፣ ኬትል ሙሽኪላ" ይለኛል፣ ኬትሉ ችግር ሆነ ማለቱ ነው። ካልፈለግህ ውሃ ጠጣ እለዋለሁ።

ከእንቁላሉ አንዱን ልጬ ስሰጣት እጇን አልዘረጋችም።

"ቅቅሉን ተውኩ። አሁን ጥሬውን ነው የምጠጣው" አለችኝ።

"ምን አልሽ?"

"የማዳም ልጅ ጂም ይሄዳል አላልኩህም? ጠዋት ጠዋት ሦስት እንቁላል ብርጭቆ ላይ ይሰብርና ጭልጥ ያደርገዋል። ፕሮቲን ነው አለኝ። ሲበስል እሳቱ ይገድለዋል አለ። እኔም አንድ አንድ እጠጣለሁ።"

"እሳት የሚገድለው በሽታውን ነው እንጂ እንቁላሉን አይደለም።"

"አንተ ከልጁ ይበልጥ ታውቃለህ? እሱ ተምሯል።"

"በኛ አገር ጥሬ እንቁላል የሚጠጣው ሸለምጥማጥ ነው። ሌላ አላየሁም።"

"እንግዲያው ሸለምጥማጥ አግብተሃል" አለችና ሳቀች። ስትስቅ የአንገቷ ጅማት ሁሉ ይታይ ነበር።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። የሱቁ ሰዎችም ያውቁኛል፤ አንድ ገመድ ይበቃዋል ሲሉኝ ሁለት ነው የማስረው። እየደወልኩ ሁልጊዜ ይህንኑ ማንሣት ሆነ ሥራዬ። ጥሬ እንቁላል ሆድ ያበላሻል እላታለሁ። ልጁ ምንም አልሆነም ትላለች። ልጁ ሃያ ዓመቱ ነው፣ ድንጋይ ቢበላ ይፈጨዋል እላለሁ። አንተም እኮ ድንጋይ ነህ ትላለች። እንዲህ ተባብለን ስልኩን እንዘጋለን። እንዴት ዋልሽ፣ አሞሻል ወይ፣ ምን ያህል ከሳሽ ብዬ የጠየቅኳት ቀን ትዝ አይለኝም። የማስታውሰው እንቁላሉን ብቻ ነው።

ከጰራቅሊጦስ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ባለው እሑድ ተገናኘን። ሁለት እንቁላል ቀቅዬ፣ ሚጥሚጣ በወረቀት ጠቅልዬ ነበር የሄድኩት። አውቶቡስ ላይ ሳለሁ ቆርጬያለሁ። ዛሬ ዓይኔ እያየ ሳትበላ አልመለስም።

"እንኪ" አልኳት።

"ቤት ወስጄ እበላዋለሁ።"

"አይሆንም። እዚሁ።"

"አንተ ሰውዬ፣ መብላት በግድ ነው እንዴ?"

"አንዱን ብቻ። ከበላሽ ሁለተኛ ስለ ጥሬው አላነሣብሽም።"

ጥቂት አየችኝ። ከዚያ ተቀበለችኝ። ነጩን የጥፍር ያህል የጥፍር ያህል እየቆረሰች አፏ ትከታለች፤ በየጉርሻው ውሃ ትጎነጫለች። አስኳሉ ላይ ስትደርስ በጣቶቿ ይዛው ቆየች። አስኳል ደረቅ ነው፣ ጤነኛውንም ያንቃል። አፏ ከተተችው፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ዋጠችው። እንባዋ ወረደ።

"ሚጥሚጣው ነው" አለች።

ተነሥታ ወደ መጸዳጃው ሄደች፣ ቆየች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር።

"ደስ አለህ?"

"እንዲህ ነው እንጂ" አልኳት።

ያን ቀን አጅማን ገብቼ ሱሪዬን ስሰቅል ሚጥሚጣው ኪሴ ውስጥ እንደ ተጠቀለለ አገኘሁት። አልነሰነስኩበትም ነበር። ያኔ እንኳ፣ እንዴ ረስቼዋለሁ፣ ብዬ ብቻ መደርደሪያው ላይ አኖርኩት።

በጰራቅሊጦስ እሑድ እሷ ተራዋ አልነበረም። ብቻዬን አስቀድሼ ስወጣ ስልኬ ጮኸ፤ የምትሠራላት ማዳም ናት። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የደወለችልኝ። ሚስትህ ውሃም እንቢ አላት፣ ኩሽና ውስጥ ወድቃ አገኘኋት፣ ሐኪም ቤት አምጥቻታለሁ፣ ያላ፣ ና አለችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም። ስደርስ ኮሪደሩ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነበር፤ የባለቤቴን ነጠላ አጣጥፋ ክንዷ ላይ ይዛዋለች።

ሐኪሙ ሱዳናዊ ነው። እኔ በዐረብኛ እግባባለሁ። ጉሮሮዋ ውስጥ፣ ምግብ በሚወርድበት፣ ዕጢ አድጎ መንገዱን ዘግቶታል አለኝ። ብዙ ቆይቷል አለ። ቀጥሎ ጠየቀኝ፤ ደረቅ ምግብ መብላት ያቆመችው ከመቼ ጀምሮ ነው?

በጣቴ ቆጠርኩ። ጾሙ፣ ፋሲካ፣ ከፋሲካ ወዲህ።

"ከጾም መግቢያ" አልኩት።

"እስከ አሁን በምን ቆየች?"

"በአጥሚት። ከዚያም በጥሬ እንቁላል።"

ራሱን ነቀነቀ። ጥሬውን አትስጣት፣ ለደከመ ሰው አደገኛ ነው፣ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል አለኝ። ደግሞም የበሰለው ነው ለሰውነቷ ይበልጥ የሚጠቅመው። አሁን ጠባብ ቱቦ እናስገባላታለን፣ ትንሽ ትንሽ ፈሳሽ ይወርድላታል። ከነገ ጀምሮ እንቁላሉን በደንብ ቀቅለህ፣ በሾርባ ፈጭተህ፣ አጥልለህ አምጣላት አለኝ።

ልክ ነበርኩ ማለት ነው። ሃምሳ ቀን የተሟገትኩለት ነገር በሐኪም ተፈረደልኝ። ኮሪደሩ ላይ ሄጄ ቁጭ አልኩ።

አመሻሹ ላይ ቱቦውን ካስገቡላት በኋላ አስገቡኝ። ድምጿ ሻክሯል።

"ሰማሁ" አለችኝ። "አሸነፍክ አሉ። እንግዲህ ፎክር።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ በማግስቱ አሳፍረህ ትሰደኛለህ። ሁለት ወር ነበር የቀረኝ። ታማ መጣች ከሚሉኝ ሠርታ መጣች ቢሉኝ ይሻለኛል ብዬ።"

"እና እንቁላሉ? ያ ሁሉ ጭቅጭቅ?"

"እንቁላሉማ በጀኝ። ስለ እንቁላል ስትሟገት ስለ ጉሮሮዬ አትጠይቀኝም።"

"ያን እሑድ ያበላሁሽስ?" አልኳት።

"መለስኩት።"

"ታዲያ ለምን ዋጥሽው?"

"አንተ ትለቃለህ እንዴ?" አለችና ዓይኗን ከደነች።

ስወጣ የነፍስ አባቷ ጋ ደወልኩ፤ በማግስቱ ሰኞ የሐዋርያት ጾም ይገባላ። እንቁላልና የዶሮ ሾርባ ልሰጣት ነው ብዬ ነገርኳቸው። ለታመመ ጾም የለበትም፣ አብላት፣ አንተ ስለ እሷ ጹምላት አሉኝ። እሺ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሳይነጋ ተነሣሁ። ሱቁ ደውዬ አልገባም አልኩ። ማታ የገዛሁትን የዶሮ ብልት ኩሽናው ባዶ እንደ ሆነ ጥጄ ሾርባውን አወጣሁ። እንቁላሉን በኬትሉ ቀቀልኩ። የኬረላው ሰው ጩኸቱ ሳይቀሰቅሰው አልቀረም፤ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ሚስቴ ታማለች አልኩት። ከአልጋው ሥር የራሱን የጁስ መፍጫ አወጣና አጠበው። እንቁላሉን እኔ ላጥኩ፣ እሱ ፈጨ። በሻይ ማጥለያ ሦስት ጊዜ አጠለልነው። የደረቀው አስኳል ማጥለያው ላይ ሲቀር በማንኪያ እየተጫንኩ አሳለፍኩት። ፔርሙስ ውስጥ ጨመርኩና በፎጣ ጠቅልዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። እስከ ዱባይ ድረስ ጭኔ ላይ ነበር።

ስደርስ ቀና አድርገዋታል። በኩባያ ቀዳሁላት።

"ዛሬ ጾም ገብቶ የለም?"

"ለአንቺ ፈቅደዋል። እኔ እጾማለሁ።"

አንድ ማንኪያ አፏ ውስጥ አደረግሁ። ጠበቅሁ። አንገቷን ነው የማየው። ወረደ። ሁለተኛ ሰጠኋት፣ እሱም ወረደ። ሦስተኛውን ስዘረጋ እጄን ያዘችኝ።

"አልቀመስከውም አይደል?"

"ጾም ነው እያልኩሽ።"

"ጨው የለውም" አለች። "አሥራ አራት ዓመት እንቁላል ስትቀቅል ጨው አታውቅም?"

ማንኪያውን ወደ ራሴ አፍ አዞርኩትና ቀመስኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ጾም ሽሬ አላውቅም። እውነትም ጨው የለውም። ክዳኑን ከድኜ፣ ፔርሙሱን አጠገቧ አስቀምጬ፣ ጨው ለመለመን ወደ ታችኛው ካፍቴሪያ ወረድኩ።