የፌኔት መልክ በሁለት ስክሪን

ጋሽ ገሠሠ ለዓመታት በየማታው ቁጭ ብለው ያዩት የነበረው የሚስታቸውን ፊት ነው ወይስ የስክሪኑን? አራት ዓመት ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤታቸው ሆኜ ኖሬ ይህን መመለስ አልችልም። ልጠይቃቸው የምችልበት ቀን ነበረ፤ አልጠየቅሁም።

የምንኖረው መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል በሚወርደው ኮብልስቶን ዳር ባለ ግቢ ውስጥ ነው። አከራያችን ከዋናው ቤት ጀርባ አምስት ሰርቪስ ክፍሎች ደርድረዋል። የመጨረሻዋ የእኔ ናት፤ ከእሷ በፊት ያለችው የጋሽ ገሠሠ። መሀላችን ያለው ግድግዳ ቺፑድ ስለሆነ ሳል እንኳ አይደብቅም።

ጋሽ ገሠሠ የሚሠሩት ዋናው መንገድ ላይ ባለ ፎቶ ቤት ነው። ፎቶ ቤቱ የዑስማን ነበረ፤ እሱ ከሞተ በኋላ ልጁ ሪሐና ያዘችው። እሳቸው ፎቶ አያነሡም። የእሳቸው ሥራ ሟቾችን ማሰናዳት ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ አንድ ጉርድ ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ከመታወቂያ ላይ የተላቀቀ፣ ትከሻው ላይ የማኅተም ግማሽ ክብ ያለበት። ጋሽ ገሠሠ ማኅተሙን ከትከሻው ላይ ያነሣሉ፣ ሱፍ ያለብሳሉ፣ ከረባት ያስራሉ፣ ከዚያ ለድንኳኑ የሚሆን ትልቅ ፎቶ ይወጣል። በሕይወቱ ከረባት አስሮ የማያውቅ ስንት የመካኒሳ ሰው በእሳቸው እጅ አስሯል።

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ከሆነ ወይም ቀለሙ ከለቀቀ መልክ መስጠት አለባቸው። ቤተሰብን መጠየቅ እንደማያዋጣ ከተረዱ ቆይተዋል። ታላቁ ልጅ አባታችን ቀይ ነበሩ ይላል፣ ታናሿ የለም የቀይ ዳማ ናቸው ትላለች፣ አብሮ የመጣው ጎረቤት ጠይም ነው እንጂ ብሎ ይገባበታል፤ እዚያው ሱቁ ውስጥ ተኮራርፈው የወጡ አሉ። ስለዚህ ጋሽ ገሠሠ ከመጡት መሀል የሟቹን ወንድም ወይም እህት ይለያሉ፣ ወደ በሩ ብርሃን ይወስዳሉ፣ እጅጌዎን ይሰብስቡልኝ ይላሉ። የክንዱን የውስጥ በኩል ለጥቂት ጊዜ ያዩና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ፊት ፀሐይ ይመታዋል፣ ዕድሜ ይጫወትበታል፣ የክንድ ውስጥ ግን ቤተሰቡን አይክድም ሲሉ ሰምቻለሁ።

ይህን ሁሉ ሲሠሩ የኖሩት በአንድ ስክሪን ላይ ነው። ጀርባው እንደ ሙሉ ጆንያ ያበጠ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው የድሮ ስክሪን፤ ዑስማን ኮምፒውተር ሲገዛ አብሮ የመጣ። ዕድሜው ሲገፋ ቀይ ቀለም እየከዳው ሄደ። ሰው ሁሉ በእሱ ላይ ትንሽ አረንጓዴነት ይነካዋል። ጋሽ ገሠሠ አልተቸገሩም፤ ስክሪኑ በምን ያህል እንደሚዋሽ ያውቁ ነበር። አንድ ፊት በስክሪኑ ላይ ትንሽ ወየብ ብሎ ከታየ ወረቀቱ ላይ ጤነኛ ሆኖ ይወጣል። በስክሪኑ ላይ ካማረ ደግሞ ወረቀቱ ላይ እንደ ሸክላ ይቀላል። ይህን ከጻፉት ደብተር የሚያነቡት አይደለም፤ ዓይናቸው ራሱ ከስክሪኑ ጋር አብሮ ተጣሞ ነው።

ከዚህ ደንብ ውጪ የሠሩት አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ የሚስታቸውን።

ፌኔት የሞተችው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በጉበት በሽታ ነው። ልጅ አልነበራቸውም። የቀረው አንድ ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶ ነበር፤ መልኳን እሳቸው ሰጧት። እንደ ደንቡ ቢሆን ወረቀት ላይ እንድታምር በስክሪኑ ላይ ወየብ አድርገው መተው ነበረባቸው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ግን ፊቷ እንደዚያው ወይቦ ነው የሞተችው። እንደገና እንደዚያ ሊያዩዋት አልቻሉም። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ እስክታምር ድረስ ሠሩና ተዉዋት፤ አሳትመዋት አያውቁም። እንዲህ በመሆኑ ያቺ ሴት በጋሽ ገሠሠ ዓይን ልክ የሆነ ፊት ያላት በዚያ አሮጌ ስክሪን ላይ ብቻ ሆነች። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ እዚያው ያመሹ የነበረው እሷን ለማየት ነበር።

ባለፈው ክረምት ሪሐና ፍላት ስክሪኖች አስገባች። አሮጌውን ቆራሌው ሊወስደው ሲል ጋሽ ገሠሠ እኔ እፈልገዋለሁ አሉ፤ ከአሮጌው ኮምፒውተር ጋር በባጃጅ ወደ ግቢያችን መጣ። ከዚያ በኋላ በየማታው ከቺፑዱ ወዲያ ቀጭን የማፏጨት ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። መጀመሪያ ትንኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ስክሪኑ ነው። መጽሐፌን አጥፌ የምተኛው ከሌሊቱ በስምንት በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ከእኔ ቀድሞ ዝም ብሎ አያውቅም።

ችግሩ የጀመረው ሱቅ ውስጥ ነው። ፍላቱ አይዋሽም፤ የጋሽ ገሠሠ ዓይን ግን ውሸትን ሲያርም የኖረ ነው። ከልማድ የተነሣ ፊቱን ሁሉ ወየብ አድርገው ይተዋሉ፤ ወረቀቱም እንደዚያው ወይቦ ይወጣል። ሚሳኤል የሚባል የሰፈራችን ልጅ የአባቱን ፎቶ ከድንኳኑ መልሶ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላቸው። አልተቆጣም።

«አባቴ በልብ ድካም ነው የሞተው» አለ። «ይሄን ያየ ለቀስተኛ ሁሉ ግን ወባ ነው እንዴ እያለ ሲጠይቀን ዋለ።»

ሪሐና ለሚሳኤል ሌላ አሠራችለት። ከእሱ በኋላ ሁለት ሟቾች እንዲሁ ታመው ወጡ። ከጋሽ ገሠሠ እግር ሥር ያደገች ልጅ ስለሆነች ቃሉን ለማውጣት ቀናት ወሰደባት። በመጨረሻ ሱቁ ባዶ ሲሆን ጠብቃ ነገረቻቸው። አሮጌውን ወደ ሱቅ ይመልሱልኝ እንዳትል፣ ደንበኛው ዛሬ ፎቶውን በቴሌግራም ልኮ፣ የተሠራውን መጀመሪያ በስልኩ አይቶ ነው አትሙልኝ የሚለው፤ አሮጌው ስክሪን የሚያሳየውን ፊት ከእሳቸው በቀር ማንም አያይም።

«ጋሼ፣ ቀን እዚህ ያቀኑትን ዓይን ማታ ቤት ሄደው መልሰው ያጣምሙታል» አለቻቸው። «ወይ ያኛውን ይተዉ፣ ወይ ይሄኛው አይሆንዎትም። አንዱን ይምረጡልኝ።»

ከዚያ አንድ ፍላት ስክሪን ይዘው እንዲሄዱ፣ በደንብ የሚያውቁትን ሰው ፎቶ ወስደው ልክ እስኪመጣ እንዲለማመዱበት ነገረቻቸው። በደንብ የሚያውቁት ሰው አንድ ነው።

ስክሪኑን ከታክሲ ተቀብዬ ያስገባሁላቸው እኔ ነኝ፤ ክፍላቸው ውስጥ ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር። ሁለተኛ ወንበር ስላልነበረ አልጋው ላይ ተቀመጥሁ። ሁለቱን ስክሪኖች ጎን ለጎን አድርገን አንዱን ፎቶ በሁለቱም ላይ ከፈቱት። በፍላቱ ላይ ፌኔት የሸክላ መልክ ያዘች። ጋሽ ገሠሠ ሳቁ።

«ምን ሆና ነው? ጤፍ ስታጭድ የዋለች መሰለች እኮ።»

ከዚያ ወደ አሮጌው አመለከቱኝና፣ እሷ ይቺ ናት፣ ጠይም ነበረች አሉኝ። ፀጉሯን መሀል ለመሀል የከፈለች፣ የሠላሳ ዓመት ያህል ሴት ናት። ለእኔ ዓይን ግን አረንጓዴ ነገር ነክቷታል፤ ዝናብ በሚወርድበት መስታወት ውስጥ የሚታይ ሰው ትመስል ነበር። ቆንጆ ናት አልኋቸው።

ከዚያ እንደ ቀላል ነገር አድርገው ነገሩኝ። «ዓይኔ ፍላቱን ከለመደ አሮጌውን አያምነውም። አንዴ ከቀና ቀና ነው። ይቺን ሁለተኛ አላገኛትም።»

ታዲያ ፍላቱን ለምን አይተዉትም፣ ሱቁ ውስጥ ሌላ ሥራ አይጠፋም አልኋቸው።

«በስልሳ ሦስት ዓመቴ ምን ልሠራ? ምን ልብላ?» አሉ።

በማግስቱ አሮጌውን ስክሪን በአልጋ ልብስ ሸፈኑት። ማታ ማታ የማፏጨቱ ድምፅ ቀረ፤ የማውሱ ጠቅ ጠቅ ብቻ ይሰማኛል። ሳምንት ሙሉ ሠሩ፣ አልመጣችም። አንድ ቀን ትቀላለች፣ አንድ ቀን ትጠቁራለች፤ ዓይናቸው ያለ አሮጌው ስክሪን የት እንደሚቆም አጣ። ቅዳሜ ዕለት በሬን አንኳኩና ነገ ለቡ አብሬያቸው እሄድ እንደሆነ ጠየቁኝ። እዚያ የፌኔት ታናሽ ወንድም ዲንሳ አለ፤ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይሸጣል። ከአርባዋ ወዲህ አይተውት አያውቁም። ተጣልተው አይደለም። መጀመሪያ ሳይሄዱ ቀሩ፣ ከዚያ ያልሄዱበት ጊዜ ራሱ የማያስኬድ ሆነ።

«ብቻዬን ከሆንኩ ከመንገድ እመለሳለሁ» አሉኝ።

ዲንሳ ሱቁ በር ላይ አቧራ ለብሶ ቆሞ ሲሚንቶ ያስጭን ነበር። ሲያያቸው ወረቀቱን ለሠራተኛው ሰጠና መጥቶ ትከሻቸውን ሳመ።

«ጋሽ ገሠሠ፣ እኛ እኮ ሞተዋል ብለን ተስፋ ቆርጠን ነበር። ፎቶዎን ማን ይሥራው እያልን ነው የተጨነቅነው።»

ጋሽ ገሠሠ አንገታቸውን ደፍተው ፈገግ አሉ። የመጡበትን ሲነግሩት ዲንሳ ቀልዱን ተወ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ፣ ሲሚንቶው ይታጠብ ወይስ እንዳለ ያዩታል አለ። ታጥቦ መጣ። ጋሽ ገሠሠ ወደ ብርሃኑ አዞሩት፣ ክንዱን ገልብጠው ያዙ፤ ለሥራ ከሚያስፈልገው በላይ ይዘውት ቆዩ። ዲንሳም አልነጠቃቸውም።

«እሷ ግን ከእኔ ትቀላ ነበር» አለ ዲንሳ በመጨረሻ። «እናታችን ዲምቱ ነበር የምትላት፤ ቀዮ እንደማለት። ረሱት እንዴ?»

ጋሽ ገሠሠ ክንዱን ቀስ ብለው ለቀቁት። ሻይ ጠጥተን ወጣን። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱን እያዩ ነበር፤ መካኒሳ ስንደርስ ብቻ፣ አሥራ አራት ዓመት አብረን ኖረናል አሉ። ለእኔ ይሁን ለሌላ ሰው አላውቅም።

ከዚያ በሦስት ቀን ጨረሷት። በዲንሳ ክንድ ላይ ካዩት ትንሽ አቀሏት፤ በፍላቱ ላይ ልክ ስትመጣ ወረቀቱም ላይ እንደዚያው ሆና ወጣች። ሪሐና ፎቶውን ወደ በሩ ወስዳ አገላብጣ አየችውና፣ ጋሼ ዓይንዎ ገባ አለቻቸው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሟቾቹ ሁሉ ጤነኛ ሆነው ወጡ፤ አንድም የተመለሰ አልነበረም።

ዲንሳ ፎቶውን ሊወስድ የመጣ ዕለት እኔም ሱቁ ነበርሁ። ፍሬሙን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየ። «እሷ ናት» አለ። «ልትስቅ ስትል እንደዚህ ነበረች።»

«አዎ» አሉ ጋሽ ገሠሠ፣ ሰው ሲያመሰግን ለደንበኛ በሚሉበት ድምፅ። ያሳተሙት አንድ ብቻ ነበር። ዲንሳ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞት ሄደ።

የዚያን ዕለት ገና ሳይመሽ ቺፑዱን በጣታቸው መቱልኝ። ስገባ የአልጋ ልብሱን ከአሮጌው ስክሪን ላይ አንሥተው አጥፈውታል። አበሩት፤ አሮጌ ስለሆነ ፊቱ የሚመጣው እየቆየ ነው። መጀመሪያ ፀጉሩ፣ ከዚያ ዓይኖቹ፣ ከዚያ ሌላው። ጋሽ ገሠሠ ቀረብ አሉ፣ መስታወቱን በእጅጌያቸው ጠረጉት። ከሥር ያለውን ቁልፍ አዞሩ፣ መልሰው አዞሩት። መብራቱን አጠፉ፣ አበሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«የታመመች ትመስላለች እንዴ?»

እኔ እሷን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያየኋት እንዲሁ ታማ ነው፤ አልነገርኋቸውም እንጂ።

«እንደ በፊቱ ናት» አልኋቸው። ውሸት አልነበረም።

«እንደ በፊቱ» አሉ። ወንበሩን ወደ ኋላ ሳቡና ከሩቅ አዩዋት፤ ሆስፒታል አልጋ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ጠያቂዎች እስኪወጡ እንደሚጠብቅ ጉልበታቸውን ይዘው ተቀመጡ። መውጣት እንዳለብኝ ገባኝ። በሩን ስዘጋ ጎንበስ ብለው ሶኬቱን ሲነቅሉ አየሁ።

ክፍሌ ገብቼ መጽሐፍ ገለጥሁ፤ አንድ ገጽ ሁለት ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ውጪ የታክሲ ረዳቶች ጀሞ፣ ጀሞ እያሉ ይጣራሉ፤ የአከራያችን ልጆች ግቢው ውስጥ ኳስ ይመታሉ፤ አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ቀይ ሽንኩርት እየጠበሰ ነው። ከቺፑዱ ወዲያ ጫማ ሲወልቅ ሰማሁ፣ አንዱ፣ ቆይቶ ሌላው። አልጋው ሲንቋቋ፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ፣ ከዚያ ምንም። ስልኬን አየሁ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ነበር።