የወለላ ሥራ በዳዳቻ በረት

ነገሌ ቦረና ውስጥ ወለላን የሚያህል ተጠራጣሪ ሰው አላውቅም። ሻይ ስትጋበዝ እንኳ መጀመሪያ ብርጭቆውን አገላብጣ ታያለች። አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የምንሠራው፤ እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፣ እሷ ኮምፒውተር ትጠግናለች፣ ሲተርፋት ደግሞ ፕሮግራም ትጽፋለች። ጥርጣሬዋ ቢያናድደኝም አልፈርድባትም። አባቷ ወታደር ነበሩ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ፣ እሷ ገና ሕፃን ሳለች፣ ከካምፑ ቤታቸው ባንድ ጀንበር ወጡ። ግድግዳውን የለሰኑት፣ ጓሮውን ያለሙት አባቷ ነበሩ፤ ግቢው ግን የመንግሥት ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የከብት ገበያ ዋጋ በስልክ የሚያሳይ ፕሮግራም ሠራች። የሊበን አርብቶ አደር ሰንጋውን መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት የነገሌንና የሜጋን ገበያ ዋጋ ያይበታል። ልጅ ስለሌላት ነው መሰል በጣም ትሳሳለት ነበር።

ታዲያ ዳዳቻ መጣ። የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር ከከብት ክትባት እስከ ዝናብ ትንበያ ሁሉን የያዘ ትልቅ ፕሮግራም እየሠራ ነበር። «ያንቺን በውስጡ እናስገባው» አላት።

«አውቄው ነበር» አለችኝ ከሄደ በኋላ። «ሊውጠኝ ነው።»

ፕሮግራም ጸሐፊዎች ማን ምን እንደለወጠ የሚይዝላቸው ሶፍትዌር አላቸው። በእሱ አንዱን ሥራ በሌላው ውስጥ ማኖር ይቻላል፤ የውስጠኛው ግን የራሱ ታሪክ፣ የራሱ ባለቤትና የራሱ በር ይኖረዋል። ዳዳቻ ለጓደኞቹ የአማርኛ መመሪያ ያዘጋጅ ነበርና ለዚህ ስም ፈለገ። ወለላም ስሙን ሳልሰማ አላስገባም አለች። «ንዑስ ፕሮጀክት» ሲላት «ማንን ነው የምታሳንሰው?» አለች። «ልጅ ፕሮጀክት» ሲላት «ልጅ በአባቱ ስም ነው የሚጠራው» ብላ ጣለችው። «ተከራይ ብንለውስ?» አልኩ እኔ፤ በዓይኗ ልትበላኝ ደረሰች።

በመጨረሻ ዳዳቻ «ዳባሬ እንበለው» አለ። ዳባሬ ባለከብቱ ወተት ለቸገረው ቤት የሚሰጣት ላም ናት፤ ተቀባዩ ያልባታል፣ ላሟ ግን የሰጪው ናት።

«ወተቱን ስትጠጣ ኖረህ፣ በኔ በረት ነው የተወለደችው ልትለኝ!» አለችው ወለላ።

«እናቴን ጠይቂያት» አላት ዳዳቻ።

እውነትም ሄደች፤ እኔንም ለምስክርነት አስከትላ። እናቱን፣ እማማ ጉያቱን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በረታቸው ደጃፍ አገኘናቸው። «አካም፣ ናጋ?» ተባባልን። ወለላ ወደ አንዲት ቀይ ላም ጠቆመች።

«እማማ፣ ይቺ የማን ናት?»

«የኦላና።»

«አንቱ አይደሉ የሚያልቧት?»

«እኔ ነኝ የማልባት። ጥጃዋም የኦላና ናት።»

«ኦላና የት አሉ?»

«ሞተ። ልጆቹ ሜጋ ናቸው፣ ላሟን ሊወስዱ እስካሁን አልመጡም።»

«ታዲያ ማን ያውቅብዎታል?»

አሮጊቷ ወደ እኔ ዞሩና በኦሮምኛ «ይቺን ልጅ ሌባ ነው እንዴ ያሳደጋት?» አሉኝ። የማትሰማ መስሏቸው ነው። ወለላ አንገቷን ደፋች።

በሳምንቱ ሥራዋን አስገባች፤ መመሪያው ላይም «ዳባሬ» ተብሎ ተጻፈ። እንዲያም ሆኖ በየጠዋቱ ስሟ መኖሩን ሳታይ ሥራ አትጀምርም።

ዓመት እንዳለፈ አንድ መሥሪያ ቤት ወደ ዳዳቻና ጓደኞቹ «ፕሮግራማችሁን እንደግፍ» ብሎ መጣ። ዳዳቻ ሰው አይጠረጥርም፤ ያቀረቡለትን ውል ፈረመ። ብዙም ሳይቆይ ስሙ ከላይ እስከ ታች ተፋቀ፣ በገዛ ሥራው ውስጥ እንዳይገባም ተዘጋበት። የወለላን ግን መንካት አልቻሉም፤ ቁልፉ እሷ ዘንድ ነበር። አውጥታ ወሰደችው።

ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። «እሱን ስጠረጥር ከኋላው የመጣውን አላየሁለትም» አለች።

ከዚያ ዳዳቻን አስጠራችው። ከስቷል።

«እንደገና ጀምር» አለችው። «የምትሠራውን በኔ ውስጥ አስገባው። ስሙም በሩም ያንተ ይሁን።»

ዳዳቻ ቁጭ ሳይል፣ በሩን እንደያዘ ትኩር ብሎ አያት።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አላት።