ቡሹን ግን ይስጡኝ

ፖሊሶች ሲይዙኝ፣ ቤቴ የጠመቅኩትን የዘቢብ ወይን ወደ ጠርሙስ እየቀዳሁ ነበር። ሆሳዕና ከተማ መምህር ነኝ፤ አንድ ስብሰባ ላይ የከተማውን አስተዳደር ከተቸሁ ወዲህ ሰበብ ሲፈልጉብኝ ሰንብተዋል። አሥራ ሁለቱን ጠርሙስ ከነቡሹ ጭነው፣ እኔንም ጭነው ሄዱ።

የእስር ክፍሉ ሽታ ከበሩ ተቀበለኝ። ባዶ ቦታ የነበረው ከሌሞ ገጠር የመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገብ ብቻ ነው። ሽንት ቤት በቀን ሁለቴ ብቻ ስለምንወጣ፣ መቋጠር የማይችሉት ሽማግሌ በሃይላንድ ይሸናሉ። ክዳኑን ጠባቂዎቹ ወስደውታል። እንዳይደፋ በጉልበታቸው መሃል ይዘውት ይውላሉ፤ ያም ሆኖ ፍራሼ ላይ ፈሰሰ። እውነቱን ልናገር፣ ሽማግሌውን ተጸየፍኳቸው። አውቀውብኛል።

“መምህር፣ ይቅርታ አድርግ” አሉኝ። “እኔም ራሴን ጠላሁ።”

በሦስተኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ጠርሙሶቼ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። የሰጠኝ ወረቀት፣ ጠርሙሶቹን ያገኘሁት ግሮሰሪ ካለው ጎረቤቴ እንደሆነና ቤንዚን ሞልተን ልንወረውር እንደነበር ይላል። የጎረቤቴ ስም እስከ አያቱ ተጽፏል።

“ፈርም፤ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።”

ብፈርም እኔ እወጣለሁ፣ እሱ ይገባል። ለማስረዳት ሞከርኩ። ጥቁር ጠርሙስ የመረጥኩት ብርሃን ወይን ስለሚያበላሽ ነው። ከንፈሩ የተሸረፈውን የጣልኩት አየር ስለሚያስገባ ነው። ለሚወረወር ጠርሙስ ማን ከንፈሩን በጣቱ ይዳስሳል?

ሰማኝና ቡሹ ገና ግማሹ ብቻ የገባውን አንዱን አነሳ። በጥርሱ ነቀለው። አሸተተ፣ ተጎነጨ፣ ደገመ። አገጩ ላይ የወረደውን በመዳፉ ጠርጎ መዳፉን ላሰ።

“ጣፋጭ ነው” አለ። “በል ፈርም።”

“ቤንዚን ጠጡ እንዴ፣ ጌታዬ?”

ሳቀ። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ነው። የክፍላችን ሽታ ያላቅለሸለሸኝን ያህል ያ ሳቅ አቅለሸለሸኝ። ቤቴ በጣም ናፍቆኝ ነበር፣ የሰጠኝንም እስክሪብቶ ይዣለሁ። እስክሪብቶውን መልሼ አስቀመጥኩት።

“እንግዲያው እዚሁ ትበሰብሳለህ።”

“እሺ። ቡሹን ግን ይስጡኝ።”

ምን እንደመሰለው እንጃ፣ ወለሉ ላይ ጣለልኝ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት።

ለሃይላንዱ አፍ ትንሽ ወፍሮ ነበር። የሲሚንቶ ግድግዳው ላይ ፈግፍጌ አቀጠንኩት፤ ከሽማግሌው ፊት ተቀምጬም ሃይላንዱን ከደንኩላቸው። ብገለብጠው ጠብ አላለም። ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ እግራቸውን ዘረጉ።

“ተመስገን” አሉና ተኙ።

ከአራት ወር በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ። አሁንም ወይን እጠምቃለሁ። ቡሽ በጥርሱ የሚነቅል ሰው ሳይ ዛሬም ይቀፈኛል። ጎረቤቴ እንደ ድሮው ባዶ ጠርሙስ ያስቀምጥልኛል፤ የጠርሙሶቹን ከንፈር አንድ በአንድ ስዳስስ ሲያየኝ፣ “ጠርሙስ መቼም ጠርሙስ ነው፣ ምን ያስመርጥሃል?” እያለ ይስቅብኛል። ስሙ በዚያ ወረቀት ላይ ተጽፎ እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።