ጅራቷን ዶሮ የበላባት ዶልፊን

የልጅ ልጄ ሐያት ትናንት ከሰዓት በኋላ ኪሮሿን በፌስታል ይዛ ከፔዳ ሰፈር መጣች። ከስልኳ ላይ አይታ የጀመረችው ሥራ ነው፤ በሰማያዊ ክር መካከል ነጭ ዓሣ ነባሪ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ኪሮሽ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ከእጄ አልተለየም። ጨርቁን ጭኔ ላይ ዘርግቼ በመዳፌ ዳሰስሁት። ታችኛው ላላ ብሎ ተኝቷል፤ ላይኛው እንደ ከረጢት አፍ ተሸምቅቋል።

«እማማ፣ ምን ሆኖ ነው የተጨማደደው? ቆጥሬ ነው የሠራሁት» አለችኝ።

«ቁጥሩስ ልክ ነው። ይኸን የላይኛውን ስትሠሪ ምን ያስጨንቅሽ ነበር?»

ስልኳን አየት አድርጋ ምንጣፉ ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። እህል ሊጭን ቆላ ድባ ሄዷል፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲደወልለት ስልኩ ዝግ ነው። ይህን ልትነግረኝ አልፈለገችም ነበር።

ተነሥቼ ሣጥኔን ከፈትሁ። ከእናቴ ሻሽ ሥር አጣጥፌ ያኖርኋትን አሮጌ ጨርቅ አወጣሁና ከሐያት ጨርቅ አጠገብ ዘረጋኋት። እሷም ወገቧ ላይ ተሸምቅቃለች።

ያን ጊዜ ገና ያልተዳርሁ ልጅ ነበርሁ። ቤታችን ጣና ሐይቅ ዳር ነው፤ ውኃው ዳር የሚበቅለው ደንገል ከጓሯችን ይጀምራል። አባቴ ከደንገል ታንኳ ይሠራል፤ በሠራው ታንኳ ዓሣ ያጠምዳል፣ ከሐይቁ ማዶ ከዘጌም እንጨት ያመላልሳል። እናቴ ዓሣውን ቀርፋና ጠብሳ ትሸጣለች። የዚያ ሰፈር ልጅ የትም ቢሄድ የሚደርቅ ደንገልና የሚጠበስ የቀረሶ ዓሣ ሽታ ከአፍንጫው አይጠፋም። አሁን በዚያ መንገድ ወጥቶበታል። ሐያትን አንድ ቀን ወስጄ «ማጀታችን እዚህ ነበር» ብላት አስፋልቱን አይታ ሳቀችብኝ።

ከእኛ ከፍ ብሎ የፋብሪካ ሠራተኞች ይኖሩ ነበር። እትዬ ለተብርሃን የሚባሉ የምጽዋ ሴት ነበሩ፤ ባላቸው መካኒክ ናቸው። ዓሣ ላደርስላቸው በሄድሁ ቁጥር የጠረጴዛቸውን ዳንቴል ቆሜ ስመለከት አይተውኝ ያስተምሩኝ ጀመር። ነጩን ዳንቴል ስችል ባለ ሥዕሉን አሳዩኝ። ባለ ሥዕሉ በሁለት ቀለም ክር ነው የሚሠራው። አንዱ ሲሠራ ሌላው አይቆረጥም፤ በሚሠራው ክር ውስጥ ተደብቆ አብሮ ይሄዳል፤ ተራው ሲደርስ ብቅ ይላል።

«የተደበቀውን እንዳትጎትቺው» ይሉኝ ነበር። «ከጎተትሽው ሥዕሉ ይጎብጥብሻል።»

ወረቀት አልነበረንም። ሥዕሉን ትልቅ ሰፌድ ላይ በእህል ደረደሩልኝ፤ በቆሎው ሰማያዊው ባሕር ነው፣ ሽምብራው ጥቁሯ ዶልፊን። አንዲት ፍሬ ለአንዲት ቋጠሮ። ከታች እጀምራለሁ፤ አንድ መስመር ስጨርስ የዚያን መስመር ፍሬ ለቅሜ ጣሳ ውስጥ እጨምራለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሥዕሉ ከሰፌዱ ላይ እያለቀ ጨርቁ ላይ ያድጋል። ዶልፊኗ ወደ ታች የምትጠልቅ ስለሆነች አፏ ታች ነው፣ ጅራቷ ላይ።

ዶልፊን ምን እንደሆነች ግን አላውቅም ነበር። እትዬ ለተብርሃን ሰፌዱን በጥንቃቄ ተሸክመው ቤታችን ያመጡ ዕለት ጠየቅኋቸው።

«ዓሣ ትመስላለች እንጂ ልጇን ጡት ታጠባለች» አሉ።

እናቴ ከምትቀርፈው ዓሣ ቀና ሳትል «ይህን ሁሉ ዘመን ስቀርፍ አንድም ጡት አልገጠመኝም» አለች።

«በኛ ባሕር ነው እንጂ በናንተ ሐይቅ መቼ አለች?»

«እንኳንም አልኖረች። ጥጃዋን እሰሩልኝ ትለን ነበር።»

ተሳሳቁ። እትዬ ለተብርሃን እኔ አጠገብ ተቀመጡና አባታቸው መርከበኛ እንደነበሩ አወጉኝ። ዶልፊን የሚሰጥም ሰው ካየች በጀርባዋ አዝላ ዳር ታደርሳለች ይሉ ነበር አሉ፣ አባታቸው። ለሳቸው ወግ ነው። እኔ ግን ያዝሁት።

ጥቅምት ነው። ክረምቱ ወጥቷል ሲባል ዝናቡ ተመልሶ ሰንብቷል። የደንገል ታንኳ እንደ እንጨት ጀልባ አይደለም፤ ሲውል ሲያድር ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል። ከውኃ አውጥቶ በቁሙ ማስደገፍና ፀሐይ ማስመታት ግድ ነው። የአባቴ ታንኳ ደግሞ ፀሐይ ካየ ቆይቷል።

«ዛሬን ብቻ» አለ አባቴ መቅዘፊያውን እያነሣ። «ነገ አወጣዋለሁ።»

«ትናንትም ነገ ብለሃል» አለች እናቴ።

«ትናንት ዝናብ ነበር።»

«ዛሬስ ታንኳው ያን ዝናብ ረሳው?»

ፈገግ ብሎ ወደ ዘጌ ሄደ። የጣና ሰው ማልዶ ይወጣል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣልና ከዚያ በፊት መግባት ነው። ያን ዕለት ነፋሱ ቀደመ። ሐይቁ ጠቆረ፤ ደንገሉ ወደ መሬት ተኛ። ከዘጌ የተነሡት ታንኳዎች አንድ በአንድ ገቡ። የጎረቤታችን ጋሽ አሊ ታንኳውን እየጎተተ «ከኋላዬ ነበረ» አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ መሬት መሬት እያየ «ታንኳው ዝቅ ብሎ ነበር የሚሄደው» አለ።

በኛ ቤት ውኃ ላይ የዘገየ ሰው በስሙ አይጠራም። ውኃው ስሙን እንዳይለምድ ነው። እናቴም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ «ሰውየው» ትል ጀመር። «ሰውየው ምሳ አልያዘም።» «የሰውየውን ጋቢ አውጪና ደርቆ ይጠብቀው።» ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ እያደረገች ነው።

እኔ ወደ ዳር ሮጥሁ። ከሞገድና ከተበጣጠሰ ደንገል በቀር ምንም የለም። ተንሳፍፎ የማየው ደንገል ሁሉ ከታንኳው የተገነጠለ ይመስለኝ ነበር። ተመልሼ ስመጣ ቀይዋ ዶሯችን ሰፌዱ ላይ ቆማለች። በቆሎውንም ሽምብራውንም ስትጭር ስትለቅም ቆይታለች። እስከ ወገቧ የሠራኋት ዶልፊን ጨርቁ ላይ አለች፤ የቀረው ጎኗና ጅራቷ ዶሮዋ ሆድ ገብቷል።

በሰፌዱ ዙሪያ ወዲያ ወዲህ አልሁ። እትዬ ለተብርሃን እንግዶቻቸውን የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ሊያሳዩ ሄደዋል፤ ማን ይደረድርልኛል? ለሰው አልተናገርሁም እንጂ በልቤ የተዋዋልሁት ነገር ነበር። ዶልፊኗን ከጨረስኋት ትሄድና አባባን ታዝልልኛለች። ጅራት ከሌላት ግን በምን ትዋኛለች?

እናቴ ዶሮዋን አባርራ ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ። «አትቅበዝበዢ። እጅሽን ሥራ አስይዢው» አለች።

ሠራሁ። ዓይኔ በበሩ በኩል ሐይቁ ላይ፣ እጄ ክሩ ላይ። ሰፌድ የለኝም፤ ባወቅሁት ሄድሁ። ጥቁሩን ክር ስሠራ ሰማያዊውን እጎትታለሁ፤ ሰማያዊውን ስሠራ ጥቁሩን እጎትታለሁ። መጎተቴን አላውቅም። ጋሽ አሊ መጥቶ ለእናቴ በሹክሹክታ «ነፋሱ ወደ ዓባይ አፍ ነው የሚነፍሰው» ሲላት ሰማሁ። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ቦታ ማለቱ ነው። እዚያ የገባ ታንኳ ወደ ፏፏቴው ነው መንገዱ። ክሩ ጣቴን ቆረጠኝ።

ጅራቷ ላይ ስደርስ ለጊዜው ቆምሁ። የዶልፊን ጅራት አላየሁም። ያየሁት የቀረሶ ጅራት ነው፤ በየቀኑ መጥበሻው ላይ የሚተኛውን፣ እንደ ማራገቢያ ሰፋ ያለውን። እሱኑ ሠራሁላት።

ጀንበር ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲሰማ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ ሐይቁን ያያል። እኔና እናቴ ደጃፋችን ላይ ነን። ከኋላችን፣ ከከተማው በኩል ሳል ሰማን። ዞር ስንል አባቴ መቅዘፊያውን ተመርኩዞ ቆሟል። ልብሱ ሰውነቱ ላይ ተጣብቋል፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

እናቴ አልጮኸችም። «ኡመር» አለች ብቻ። ከዚያ ሄዳ ደርቆ የሚጠብቀውን ጋቢ አለበሰችው።

ታንኳው መንገድ ላይ ተፈትቶ ነበር። አባቴ ከተፈታው አንዱን እስር ደረቱ ሥር አድርጎ ነፋሱ እንደወሰደው ሄደ። ዓባይ አፍ ሊደርስ ሲል ዳር ያለው ደንገል ያዘው፤ ከዚያ ማዶ ወጥቶ በዓባይ ድልድይ ዞሮ በእግሩ መጣ። የሞቀ ሾርባ እየጠጣ ይህን ሲነግረን ጨርቁን ጭኔ ላይ አየው።

«ይቺ ማናት?»

«ዶልፊን ናት፣ አባባ። የባሕር ናት። ሰው ታዝላለች።»

ጎንበስ ብሎ አያት። «ጎብጣለችሳ። ጅራቷም የቀረሶ ነው» አለ። ፊቴን ሲያየው ግን ሳቁን ዋጠ። «ምን ቢከብዳት ነው የጎበጠችው? እኔን አዝላ መሰለኝ» አለና ጭንቅላቴን ዳሰሰኝ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስሁት።

በማግስቱ እትዬ ለተብርሃን ሥራዬን ሊያዩ መጡ። ጅራቷን በጣታቸው ዳሰሱ። ስለ ዶሮዋም ስለ አባቴም ነገርኋቸው። ሊፈቱልኝ ነው ብዬ ስፈራ አጣጥፈው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «ይቺስ ምጽዋን አታውቅም፤ እናንተው ዘንድ ትቀመጥ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ የባሕር እንስሳ ሠርቻለሁ፤ አንዱንም በዓይኔ ሳላየው።

ይህን ሳወራላት ሐያት ስልኳን ሁለቴ ሞከረች። ዝግ ነው። በመስኮቱ ጀንበሯ ዘቅዘቅ ብላለች። ሐያት የራሷን ጨርቅ አንሥታ የተጨማደደውን መፍታት ጀመረች።

«ተይው» አልኋት። «የሆነው ሆኗል። የሚቀጥለውን መስመር ብቻ ላላ አድርጊው።»

«እንዴት ላላ ላድርገው፣ እማማ?»

ኪሮሿን አንሥታ ሠራች፤ እኔም ክሩ እንዳይጠላለፍባት ድቡልቡሉን ይዤ እፈታላታለሁ። ስለ ባሏ የምናወራው ነገር ነበረን፤ ግን ልብ ስል ሁለታችንም ስሙን አልጠራነውም። በመንገዱ መኪና ባለፈ ቁጥር ቀና እንላለን።

ትንሽ ቆይታ ሐያት ኪሮሿን አቆመች። «እማማ፣ ልቀቂልኝ እንጂ» አለችኝ።

ወደ እጄ ተመለከትሁ። ክሩን በጡጫዬ ጨብጬ ይዤዋለሁ።