ዓሣ ነጋዴ ነኝ ያልሁ ዕለት

ማስተማር የጀመርሁት ትምህርት ቤት በሚከፈትበትና በሚዘጋበት በዚህ ዘመን ነው። የምሠራበት ትምህርት ቤት ከባሕር ዳር ወደ ዋንዛዬ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ብታስተምር ከሚዋጉት አንዱ ወገን ይጠይቅሃል፤ ብታቆም ሌላው። ስለዚህ ከከተማ ስወጣ የመምህርነት መታወቂያዬን ቤት መተው ለመድሁ።

አንድ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተማሪዬ እናት ተቀመጡ። ገና ሲገቡ እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው፣ "እንዴት አደሩ፣ መምህር?" አሉኝ። ልጃቸው ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ክፍልፋይ እንዳስቸገራት እያወጋን ሄድን። መንገድ ላይ የታጠቁ ሰዎች አስቆሙን። ከየትኛው ወገን እንደ ነበሩ ዛሬም አላውቅም።

"ሥራህ?" አለኝ አንዱ።

"ዓሣ ነጋዴ ነኝ።"

"እስቲ ቆሮሶን ከአምባዛ በምን ትለያለህ?"

ለጣና ዳር ልጅ ቀላል ጥያቄ ነው። "በቅርፊቱ" ብሎ ዝም ማለት ይበቃ ነበር። እኔ ግን የማውቀውን በመጠየቄ ደስ አለኝ።

"በሁለት ነገር እንለያቸዋለን" አልሁ ጣቴን ቀስሬ። "አንደኛ፣ ቆሮሶ ቅርፊት አለው፤ አምባዛ ልሙጥ ነው። ሁለተኛ፣ አምባዛ እንደ ድመት ጢም አለው። ገባህ?"



"ገባኝ፣ መምህር" አለ ሰውየው። አልሳቀም። "ውረድ።"

ለመነሣት የፊቱን ወንበር ያዝሁ። ያን ጊዜ የልጅቱ እናት በክርናቸው ጎሰሙኝ።

"ማን? ይሄ ነው መምህር?" አሉ ጮክ ብለው። "ስሙን መጻፍ ቢያቅተው አይደል ወደ ዓሣ የገባ! ዓሣውም ቢሆን ይሸትበታል። አንተ ለፍላፊ፣ አፍህን ዝጋ!"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ሌሎቹ፤ በመጨረሻ ጠያቂውም። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሹፌሩን "ሂድ" አሉት።

ስንወርድ እናትየው እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ "ይቅር ይበሉኝ፤ ሰደብሁዎ" አሉኝ። በሕይወት ያቆዩኝ እሳቸው ናቸው። የማይለቀኝ ስድባቸው ሳይሆን የራሴ ሳቅ ነው። መምህር ለመሆን ስንት ዓመት ጓጉቼ፣ አይደለም ሲባልልኝ ያን ያህል ለምን ደስ አለኝ? ለተማሪ ቢሆን ምክንያቱን በቅደም ተከተል አስረዳ ነበር። ለራሴ ስሞክር አንደኛው ላይ እቆማለሁ።

አሁን ትምህርት ቤታችን እንደገና ተዘግቷል። ልጅቱ ባሕር ዳር አክስቷ ዘንድ ስለ ሆነች አንዳንዴ ሐይቁ ዳር እንገናኛለን። መጀመሪያ ቀን ከኋላዬ "መምህር!" ብላ ተጣራች። ሳልዞር እርምጃዬን አፈጠንሁ። በሌላ ቀንም እንዲሁ አደረግሁ።

አሁን አትጣራም። ሮጣ ትቀድመኝና ፊት ለፊቴ ትቆማለች። እሷ መሆኗን እስካውቅ ትጠብቃለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እንዴት ዋሉ?" ትለኛለች። ከዚያ በላይ ምን ብላ እንደምትጠራኝ አታውቅም። እኔም አልነገርኋትም።